ለሃርቫርድ ከኢትዮጵያ ማመልከት፦ ከትራንስክሪፕቱ እስከ ዶርሙ

ብዙ ጎበዝ ልጆች ሃርቫርድን የሚተዉት ውጤታቸው አንሶ አይደለም። «ማን ይከፍልልኛል?» ብለው ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ እንጀምር።

የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ይህ አይካድም። ግን ሃርቫርድ ተማሪ ሲመርጥ የቤተሰቡን ኪስ አያይም፤ ይህ ደግሞ ለአሜሪካኖች ብቻ ሳይሆን ለውጭ ዜጎችም ይሠራል። ከተቀበላችሁ በኋላ ቤተሰባችሁ መክፈል የማይችለውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል። ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የቤተሰብ ገቢ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ (የእኛ ሀገር ደሞዝ ወደ ዶላር ሲመነዘር የት እንደሚያርፍ ታውቁታላችሁ) ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ፣ የጤና መድኑና የጉዞው ወጪ ተሸፍኖ፣ ለመቋቋሚያ 2,000 ዶላር ይሰጣል። ብድር አይደለም።

ለውጭ ተማሪ እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው። ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውደንና ብራውን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በሌሎቹ አብዛኞቹ ግን የውጭ ተማሪ ገንዘብ ከጠየቀ ጥያቄው ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ሃርቫርድ ላይ «እርዳታ አልፈልግም» ብለው የሚሞሉ ልጆች አሉ፣ ያስገባናል ብለው። አያስገባም። ያለ ገንዘብ ብቻ ያስቀራችኋል።

ግሪን ካርድ ወይም የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ደግሞ የምትቆጠሩት እንደ አሜሪካዊ አመልካች ነው፤ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት ቅጽም ትሞላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚማሩት ነው።

አሁን ደግሞ መራራው። በ2024 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ 54,008 ሰው አመልክቶ የተቀበሉት 1,937 ነው። የተጣሉት አብዛኞቹ መማር የሚችሉ ነበሩ። ስለዚህ ሃርቫርድን ብቻ አታመልክቱ። ከላይ ካሉት ሁለት ሦስቱን፣ ከዚያ ለውጭ ተማሪ ደህና ስኮላርሺፕ ያላቸውን መካከለኛ ኮሌጆች ጨምሩ። የቤሪያ ኮሌጅን ጉዳይ አጥኑት፤ ኬንታኪ ውስጥ ነው፣ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እዚያው እየሠሩ ይማራሉ። የሀገር ቤቱን ምደባም እንደያዛችሁ ቆዩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ አንድ ሙሉ ዓመት ከጨረሳችሁ ሃርቫርድ እንደ አዲስ ገቢ አያያችሁም፣ እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዛወር ተማሪ) ነው። ትራንስፈር ደግሞ የሚቀበለው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ማመልከት ካሰባችሁ 12ኛ ክፍል ላይ ወይም ከማትሪክ በኋላ ባለው ዓመት አድርጉት።

1. ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጻፏቸው

ማመልከቻው ኮመን አፕ በሚባል ድረ ገጽ ነው የሚሞላው። በየዓመቱ ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 አካባቢ ይከፈታል። የቀደመው ዙር ኖቬምበር 1 ያበቃል፤ ጥቅምት 22 ነው። መደበኛው ጃንዋሪ 1 ያበቃል፤ ታኅሣሥ 23፣ ገና ስድስት ቀን ሲቀረው። የቀደመው ዙር መልስ በዲሴምበር አጋማሽ፣ የመደበኛው በማርች መጨረሻ ይመጣል። ከተቀበሏችሁ እስከ ሚያዝያ 23 ትመልሳላችሁ።

የቀደመው ዙር አያስገድድም፤ ቢቀበሏችሁም ሌላ ቦታ መሄድ ትችላላችሁ። ገደቡ፣ በዚያው ዙር ለሌላ የግል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቀድማችሁ አለማመልከታችሁ ነው። ወረቀታችሁ ካልተሟላ አትቸኩሉ፣ መደበኛው ይሻላችኋል።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። 11፡59 ፒኤም ሲል በእኛ ከምሽቱ 5፡59 ነው። ግን እሱን ሰዓት የምትጠብቁ ከሆነ ያን ምሽት መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ሁለቱም ይሆናል። ከሳምንት በፊት ላኩት።

2. ፈተናው

ሃርቫርድ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የሚባሉትን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች እንደገና ማስገደድ ጀምሯል። ኤስኤቲ አሁን በኮምፒውተር ነው፣ ብሉቡክ በሚባል አፕ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች እዚያው አፕ ላይ በነፃ አሉ፤ ካን አካዳሚ የሚባለው የመማሪያ ድረ ገጽም ነፃ ነው። ለማሠልጠኛ ብዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ። የሒሳብ ክፍሉ 11ኛ ክፍልን በደንብ ለተማረ ልጅ ብዙም አይከብድም። የሚጥለው ንባቡ ነው፤ ለእሱ ደግሞ መድኃኒቱ በየቀኑ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነው።

መፈተኛ ቦታ ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ከወራት በፊት ተመዝገቡ። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ማበደሪያ አለው፣ ግን ከፈተናው ብዙ ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት። ፓስፖርት ከሌላችሁ አሁኑኑ ጀምሩት፤ ለቪዛው የግድ ነው፣ ለመፈተኛውም መታወቂያ ይሆናችኋል።

መፈተን ጨርሶ የማይቻልበት ቦታ ላይ ካላችሁስ? ሃርቫርድ ኤስኤቲ ማግኘት ለማይችሉ በልዩ ሁኔታ የብሔራዊ ፈተና ውጤት ይቀበላል። ማትሪክ ማለት ነው። ግን «ሩቅ ነው» ስላላችሁ ብቻ አይሆንም፣ ሁኔታችሁን በግልጽ ጽፋችሁ አስረዱ።

ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሃርቫርድ አይጠይቅም። ሌሎቹ የሚጠይቁ አሉ፣ የየትምህርት ቤቱን ገጽ እዩ።

3. ትራንስክሪፕቱና ዳይሬክተሩ

ከኢትዮጵያ የሚላኩ ማመልከቻዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮመን አፕ «ካውንስለር» የሚባል ሰው ይፈልጋል፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት የሚሞላ። በእኛ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። ዳይሬክተሩ ወይም ምክትሉ ይሞላዋል፣ ይፈቀዳል። የራሱ ኢሜይል ያለው፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይሁን።

ዳይሬክተሩ ጋ «ይጻፉልኝ» ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ከነማኅተሙ፣ ስካን የተደረገ ይሁን። ከዚያ በሪፖርቱ ላይ ሦስት ነገር እንዲገቡ ጠይቁ። ደረጃችሁ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደሆነ፤ ካርዳችን ላይ ደረጃ መጻፉ እዚህ በጣም ይጠቅማል። የትምህርት ቤቱ ሁኔታ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ላብራቶሪ አለ የለም። ሦስተኛው የውጤት አሰጣጡ ነው። ሃርቫርድ ባለበት ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ቁጭ ብሎ 78 የሚያይ ሰው «ደካማ» ሊል ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ካወቀ ግን ያ 78 ሌላ ቁጥር ይሆናል። ይህን ማንም አይነግርላችሁም፣ ዳይሬክተሩ ካልጻፈው።

ውጤታችሁን ራሳችሁ ወደ 4.0 አትቀይሩ። ከመቶ ነው፣ ከመቶ ይቆይ።

ስማችሁ ደግሞ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ኤስኤቲ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ፋይላችሁ ተበትኖ ይቀራል። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውንና በፈረንጅ የተጻፈውን አስተያዩ።

4. መምህራኑ

ሁለት የትምህርት መምህር ይጽፉላችኋል። በሰኔ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ጠይቋቸው። «ታዛዥ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት» የሚል ደብዳቤ ምንም አያደርግም። የሚሠራው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን የሚያነሳ ደብዳቤ ነው። መምህሩ 300 ልጅ ያስተምራል፣ አያስታውስም። ስለዚህ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጡት፦ የትኛው ርዕስ ላይ ምን ጥያቄ ጠይቃችሁ ነበር፣ የትኛውን ሥራ ከማንም በተለየ ሠራችሁ።

ብዙ ጊዜ መምህሩ «አንተው ጻፈውና ልፈርምበት» ይላል። ክፋት የለውም፣ ጊዜ ስለሌለው ነው። ግን አታድርጉት። በመምህሩ ስም ኢሜይል ከፍቶ ራሱ የሚልክ ልጅም አለ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ከተቀበሏችሁ በኋላ ቢታወቅ እንኳን ይሰርዙባችኋል። እንግሊዝኛው የሚያስፈራው መምህር በቀላል ቋንቋ አጭር ይጻፍ። የእሱ መሆኑ ያስታውቃል፣ ያ ነው ዋጋ ያለው።

5. «ምንም አክቲቪቲ የለኝም»

አላችሁ። ኮመን አፕ አሥር ቦታ ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል። ታናናሾችን ማሳደግ፣ ከእናት ጋር ጉሊት መቀመጥ፣ ከብት መጠበቅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሕፃናትን ማስተማር፣ ይሄ ሁሉ ይገባል። የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል የራሱ ምድብ አለው። እኛ ግን ይሉኝታ ይይዘናል፣ «ይሄም ተጻፈ?» ይሉናል ብለን።

«የሚኒ ሚዲያ አባል» ብላችሁ አትተዉት። «በየሰኞው ሰልፍ ላይ ለ1,200 ተማሪ ዜና አነባለሁ፤ የተበላሸውን ማጉያ ጠግኜ ሥራ አስጀምሬያለሁ» ብትሉ ሰውዬው ያያችኋል። በእርግጥ ካደረጋችሁት። ያልሠራችሁትን አትጻፉ፤ ለማመልከቻ ሲባል በነሐሴ የተቋቋመ «ድርጅት» ከሩቅ ያስታውቃል።

6. ድርሰቱ

ዋናው እስከ 650 ቃል ነው፣ ሃርቫርድ ደግሞ አምስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጨምራል። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ከኢትዮጵያ የሚጻፉ ድርሰቶች ሁለት በሽታ አላቸው። አንደኛው የማመልከቻ ደብዳቤ ቅላጼ ነው። ችግር በችግር ላይ ይደረደራል፣ መጨረሻ ላይ «ዕድሉን ቢሰጡኝ» ይባላል። ድህነት መጻፍ ነውር አይደለም። ግን ድህነቱ እናንተን አይነግረንም፣ ውስጡ ሆናችሁ ያሰባችሁት ነው የሚነግረን። ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ልጅ የጀሪካኑን ወረፋ እንዴት እንዳደላደለ፣ ጎረቤት ለምን እንደተጣላ፣ እሱ ምን ሞክሮ ምን እንዳልሠራ ቢጽፍ፣ ያን ልጅ ክፍላቸው ውስጥ ይፈልጉታል።

ሁለተኛው «ተምሬ ሀገሬን እለውጣለሁ» ነው። ሁሉም ይጽፈዋል፣ ከናይጄሪያም ከኔፓልም። ልባችሁ ውስጥ ካለ ይኑር፣ ግን የመጨረሻ አንቀጽ አታድርጉት። ከሀገር ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ለምን የሰፈራችሁ የባሕር ዛፍ አጥር ሥር ሌላ ነገር አይበቅልም? ለምን እቁብ ያለ ውል ይሠራል? እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፉ ድምፃችሁ ይወጣል።

እንግሊዝኛውን አታስጊጡት። ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ትልልቅ ቃል ያስቃል። በኤአይ የተጻፈውም ያው ነው፤ ልስልስ ብሎ ማንንም አይመስልም። ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ጓደኛችሁ «ይሄማ አንቺ ነሽ» ካለ ደርሷል።

ደላላ ጋ ደግሞ አትሂዱ። «ሃርቫርድ አስገባለሁ» የሚል ሰው ማስገባት አይችልም። አሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክር የሚሰጠው በነፃ ነው። የማመልከቻ ክፍያም አቅም ለሌለው ይቀራል፤ ኮመን አፕ ላይ ጠይቁ፣ ስለጠየቃችሁ ነጥብ አይቀነስም።

7. የገንዘብ ቅጹ

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል፣ አሰልቺ ነው። ገቢውን በብር ሙሉት፣ የምንዛሪውን ሥራ ለእነሱ ተዉት፤ ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ራሳችሁ የምትመነዝሩት ቁጥር ያምታታል። ደሞዝተኛ ወላጅ ከመሥሪያ ቤቱ የደሞዝ ደብዳቤ ያምጣ። አርሶ አደር ወይም ቸርቻሪ ከሆነ ከቀበሌ የገቢ ማረጋገጫ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ። ውጭ ያለች አክስት የምትልከው ካለም ይጻፍ። መደበቅ አያስፈልግም፣ ከሚያስፈልገው በላይ ድሃ መምሰልም።

ለኢንተርቪው የቀድሞ ተማሪ ሊደውልላችሁ ይችላል፣ በዙም። ባይደውል አትደንግጡ፣ ሰው ስለሌለ ነው።

8. ተቀበሏችሁ፣ አሁን ቪዛው

ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባል ሰነድ ይልካል። ሴቪስ የሚባለውን የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ በስማችሁ ሊከፍል ይችላል። ከዚያ ዲኤስ-160 የሚባል የቪዛ ቅጽ፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ፣ ቀጠሮ። ቆንስሉ የሚያዳምጠው ምን እንደምትማሩ፣ ማን እንደሚከፍልና ስትጨርሱ የመመለስ ሐሳብ እንዳላችሁ ነው። የሸመደዳችሁትን አትድገሙ፣ የተጠየቃችሁትን ብቻ በአጭሩ መልሱ።

በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ሃርቫርድ የውጭ ተማሪ እንዳይቀበል ሞክሮ ፍርድ ቤት አግዶታል። ነገሩ ፖለቲካ ነው፣ ይለዋወጣል፤ የዩኒቨርሲቲውን የኢንተርናሽናል ቢሮ ኢሜይል ተከታተሉ እንጂ የቲክቶክ ወሬ አትከተሉ።

9. እዚያ ስትደርሱ

አንደኛ ዓመት ሁሉም የሚኖረው ሃርቫርድ ያርድና ዙሪያው ባሉ ዶርሞች ነው፣ የሚበላው አነንበርግ በሚባል ግዙፍ አዳራሽ። ምግቡ የፈለጋችሁትን ያህል ነው። ለጾም ችግር የለም፣ ቪጋን የሚል ምልክት ያለው በየቀኑ አለ፤ ሐላልም አለ። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት ያዙ፣ ኖቬምበር ላይ ታመሰግኑኛላችሁ። እንጀራ ሲያምራችሁ ቦስተን አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ታገኛላችሁ።

በማርች ላይ ለቀሪው ሦስት ዓመት የምትኖሩበት ቤት በዕጣ ይደርሳችኋል። አሥራ ሁለት ናቸው፣ የምትመርጡት ቤቱን ሳይሆን አብረዋችሁ የሚገቡትን ጓደኞች ነው። ነባሮቹ በጠዋት እየጮሁ በር እያንኳኩ ያበሥሯችኋል። አትደንግጡ።

ትምህርቱ ላይ በሴሚስተር አራት ኮርስ ነው። ትንሽ ይመስላል። አይደለም። ኤክስፖስ የሚባለው የጽሑፍ ኮርስ ለአንደኛ ዓመት ግዴታ ነው፣ የእኛ ልጆች የመጀመሪያውን ቀይ ቀለም የሚያዩትም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ መምህር ያለውን መድገም ሳይሆን መከራከር ይፈለጋል። ሒሳብ ላይ ደረጃ የሚመድብ ፈተና አለ። ማትሪክ ላይ አንደኛ ስለነበራችሁ ከባዱን ሒሳብ 55 ለመሞከር አትጣደፉ፤ ዓለም አቀፍ ኦሊምፒያድ የተወዳደሩ ልጆች ይጨነቁበታል። ዲፓርትመንት የምትመርጡት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ቤተሰብ «ሐኪም ሁን» ካለ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ መሆኑን፣ ለውጭ ተማሪም በሩ ጠባብ መሆኑን ቀስ ብላችሁ አስረዱ።

ከሁሉም በላይ ኦፊስ አወር ሂዱ። ፕሮፌሰሩ በሩን ከፍቶ የሚቀመጠው እናንተን ለመጠበቅ ነው። እኛ ያደግነው መምህር ቢሮ የሚጠራው ያጠፋ ልጅ በሚል ነው፣ ስለዚህ እስከ ፈተናው ድረስ ዝም እንላለን። ከግል ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እዚያ ናቸው፣ ያልገባቸው ስለበዛ ሳይሆን መጠየቅ ስለለመዱ። ክበቦቹም ብዙዎቹ በውድድር ነው የሚያስገቡት። አንዱ ቢጥላችሁ ሌላ ሞክሩ።

ገንዘብ ላይ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ስኮላርሺፑ የትምህርቱን ክፍያ ሲሸፍን ግብር የለበትም። የዶርሙንና የምግቡን ሲሸፍን ግን ለውጭ ተማሪ 14 በመቶ ግብር አለው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት የላትም። ሂሳባችሁ ላይ ድንገት ዕዳ ስታዩ አትሸበሩ፣ ወዲያው የገንዘብ እርዳታ ቢሮውን አነጋግሩ። ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ስምንት ሰዓት ይበቃል። ቤት ብር መላክ ይኖራል፣ እናውቃለን። ምን ያህል መላክ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቤት ያሉት ሰዎች ሃርቫርድ ገባ ማለት ደሞዝ ጀመረ ማለት ይመስላቸዋል።

ካፖርት ከዚህ ገዝታችሁ አትሂዱ፣ ለቦስተን ብርድ አይሆንም። ከመቋቋሚያው ብር እዚያ ግዙ።

የዲሴምበር ዕረፍት ከአንድ ወር በላይ ነው። ዶርም መቆየት ለሚፈልጉ ቅጽ አለ፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉት፣ አለዚያ በረዶ ላይ ማደሪያ ፍለጋ ነው። ለእረፍት ሀገር ቤት መምጣት ካሰባችሁ ደግሞ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛችሁን እዩ። በፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ ላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን ቪዛ ወደ ሦስት ወርና አንድ መግቢያ አውርዳዋለች። ይህ ማለት እዚያ መማራችሁን አይነካም፣ አንዴ ከወጣችሁ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ ነው። ቀጠሮው ከትምህርት መጀመሪያ በፊት ካልተገኘ ሴሚስተሩ ያልፋችኋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ቢሮውን ጠይቁ፣ ቀጥሎ የኤምባሲውን ቀጠሮ አረጋግጡ፣ ቲኬቱ ከሁሉም በኋላ ነው።